የሳምንቱ ፓራሻ ለዛሬ ኑሯችን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየሰንበቱ ከሰዓት በኋላ ጥቂት የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰቦች ተሰብስበን የሳምንቱን ፓራሻ አብረን እናነባለን። ከመካከላችን ጎንደር ተወልደው ያደጉ አሉ፣ እስራኤል የተወለዱም አሉ። አማርኛ የሚቀናቸውና ዕብራይስጥ የሚቀናቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። ባለፉት ዓመታት ደጋግመው የተነሡትን ጥያቄዎች ከነመልሶቻቸው እዚህ አስፍሬአለሁ። እኔ ራቢም (የአይሁድ ሃይማኖት መምህር) ቄስም (የቤተ እስራኤል ካህን) አይደለሁም፤ ስለ ሥርዓት ውሳኔ የሚፈልግ ሰው እነርሱን ይጠይቅ። የእኔ መልስ ፓራሻውን ከኑሮው ጋር እያስተያየ የሚያነብ ሰው መልስ ነው።

ፓራሻ ምንድን ነው?

አምስቱ የሙሴ መጻሕፍት፣ አባቶቻችን ኦሪት የሚሏቸው፣ ለዓመት ንባብ እንዲመቹ በ54 ክፍል ተከፍለዋል። እያንዳንዱ ክፍል ፓራሻ ይባላል። ስሙንም የሚያገኘው ከመነሻው ቃል ነው፦ በሬሺት፣ ኖኅ፣ ሌክ ሌካ፣ ቫዬራ እያለ ይቀጥላል። በሰንበት ጠዋት ጥቅልሉ ከማኖሪያው ወጥቶ በምእመናኑ መካከል ካለፈ በኋላ ይዘረጋል፤ ሰባት ሰዎችም በየተራ ወደ ንባቡ ይጠራሉ። መጀመሪያ ኮሄን (ከካህናት ዘር የሆነ)፣ ቀጥሎ ሌዊ (ከሌዊ ነገድ የሆነ)፣ ከዚያ የቀሩት። ይህ መጠራት ዓሊያ ይባላል። ከጎንደር ወደ ኢየሩሳሌም የመጣንበት ጉዞም ዓሊያ ነው፤ ቃሉ “መውጣት” ማለት ስለሆነ ለሁለቱም ይሠራል።

ጥቅልሉ በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ነው፤ የአናባቢ ምልክትም የዜማ ምልክትም የለበትም። ስለዚህ አንባቢው አስቀድሞ ተለማምዶ ይመጣል። አንድ ቃል የሳተ እንደሆነ ከአዳራሹ ማዕዘን ሁሉ ድምፅ ይነሣል፤ ያርሙታል፤ እርሱም ተመልሶ በትክክል ያነበዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው አንባቢውን ያዋረዱት ይመስለዋል። ንባቡ ግን የሁሉም ስለሆነ ነው ሁሉም የሚጠብቀው።

ሰኞና ሐሙስ ጠዋትም የመጪው ፓራሻ መጀመሪያ ይነበባል። የታልሙድ (የጥንት አይሁድ ጠቢባን ትምህርት የተሰበሰበበት መጽሐፍ) ጠቢባን ለዚህ የሰጡት ምክንያት ከዘጸአት ምዕራፍ 15 የተወሰደ ነው። ሕዝቡ ባሕሩን ተሻግሮ ሦስት ቀን በምድረ በዳ ሄደ፣ ውኃም አላገኘም። ውኃው ቶራ (ኦሪት) ነው አሉ ጠቢባኑ፤ ስለዚህ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ያለ እርሱ አይዋል። በሱዳን በረሃ በእግሩ ያለፈ ሰው ይህን ምሳሌ ማንም ሳያስረዳው ይረዳዋል።

ልቤ የሚወደውን ምዕራፍ መርጬ ባነብ አይሻልም?

ሲያዝኑም ሲደሰቱም የሚወዱትን ማንበብ ማን ይከለክላል? የፓራሻ ጉልበት ግን እኛ ባለመምረጣችን ላይ ነው። መምረጥ የእኔ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ የዮሴፍን ታሪክ እየደጋገምሁ ከወንድሞቹ ጋር ሲታረቅ አለቅስ ነበር። ስለ ሐሰተኛ ሚዛን፣ ስለ ዕዳ፣ ከባልንጀራ ጋር ቂም ስለ መያዝ የተጻፈው እኔ ዘንድ ሳይደርስ ይቀር ነበር። የቀን መቁጠሪያው ግን ሳይጠይቀኝ ያመጣዋል። ቂም በያዝሁበት ሳምንት ደርሶ “ቂም አትያዝ” ሲለኝ፣ መጽሐፉን እኔ ገልጬ ያገኘሁት ስላልሆነ ማምለጫ የለኝም።

አንድ ሰንበት ላንሣ። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰሎሞን ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተጓዙ። ሕይወትን ማዳን ከሰንበት ስለሚቀድም አውሮፕላኖቹ በሰንበትም በረሩ። የዚያ ሰንበት ፓራሻ ናሶ ነበር፤ የካህናቱ ቡራኬ የሚገኝበት። “እግዚአብሔር ይባርክህ፣ ይጠብቅህም፤ እግዚአብሔር ፊቱን ያብራልህ፣ ይራራልህም፤ እግዚአብሔር ፊቱን ወደ አንተ ያንሣ፣ ሰላምንም ይስጥህ።” ሕፃን የታቀፉ እናቶች ወንበሩ በተነቀለ አውሮፕላን ወለል ላይ ተቀምጠው ሲበሩ፣ በእስራኤል ምኩራቦች ሁሉ ይህ ይነበብ ነበር። ቀኑን ለዚያ ንባብ ያመቻቸ ሰው የለም፤ ተራው ደርሶ ነበር።

አንዳንድ ሰንበት ሁለት ፓራሻ የሚነበበው ለምንድን ነው?

የዕብራውያን ዓመት አንዳንዴ 12፣ አንዳንዴ 13 ወር አለው፤ በ19 ዓመት ውስጥ 7ቱ ባለ 13 ወር ናቸው። ዓመቱ ሲያጥር ሰንበቶቹ ስለማይበቁ አንዳንድ ፓራሻዎች ይጣመራሉ። በዓል በሰንበት ሲውል ደግሞ የበዓሉ ንባብ ይቀድማል። በእስራኤልና በውጭ አገር ያሉ ምኩራቦች አልፎ አልፎ ለጥቂት ሳምንታት የተለያየ ፓራሻ የሚያነቡትም በዚህ የተነሣ ነው፦ ፋሲካ በእስራኤል 7፣ በውጭ አገር 8 ቀን ይከበራል፤ ስምንተኛው ቀን በሰንበት ከዋለ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። አሜሪካ ካለ ዘመድዎ ጋር በስልክ ስለ ፓራሻ ሲያወሩ ካልተገናኛችሁ ማናችሁም አልተሳሳታችሁም።

ዕብራይስጥ በደንብ አላነብም። በአማርኛ ባነብ ዋጋ አለው?

ይህን የሚጠይቁኝ አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፤ ሲጠይቁም ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ዝቅ የሚያስደርግ ነገር የለም።

በነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ከባቢሎን የተመለሰው ሕዝብ በኢየሩሳሌም በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ተሰበሰበ። ዕዝራ በእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ ቀትር የሕጉን መጽሐፍ አነበበ፤ ሌዋውያኑም ሕዝቡ እንዲያስተውል ያስረዱ ነበር። ሕዝቡ ሰምቶ አለቀሰ። ያለቀሰው ስለገባው ነው። ጠቢባኑ ትርጉምን የንባቡ አካል ያደረጉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ለብዙ ዘመን በምኩራብ ከአንባቢው አጠገብ ተርጓሚ ይቆም ነበር፤ አንባቢው አንድ ቁጥር በዕብራይስጥ ያነባል፣ ተርጓሚው ሕዝቡ በሚናገረው በአራማይስጥ ይመልሰዋል። የየመን አይሁድ ይህን ልማድ እስከ ዛሬ ይዘውታል። ታልሙድም ሰው የሳምንቱን ፓራሻ ሁለት ጊዜ በዕብራይስጥ፣ አንድ ጊዜ በትርጉም እንዲያነብ ያዛል።

አሁን ደግሞ የእኛን ቄሶች ያስቡ። ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ከዚያ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያስረዳሉ። የውኃው በር ሥርዓት ከዚህ ምን ያህል ይለያል? በአማርኛ የሚያነቡ እናት ከሌዋውያኑ ማስረዳት ተካፋይ ናቸው። ዕብራይስጡን መማር መልካም ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ቁጥር ብቻ ቢለማመዱ በዓመቱ መጨረሻ ከሃምሳ በላይ ቁጥር ይኖርዎታል። እስከዚያ ግን በሚገባዎት ቋንቋ ያንብቡ።

ኢትዮጵያ ሳለን ፓራሻ ነበረን?

ኦሪት ነበረን። በግዕዝ፣ በብራና፣ ጥቅልል ሳይሆን በጥራዝ፤ ከአምስቱ የሙሴ መጻሕፍት ጋር ኢያሱ፣ መሳፍንትና ሩት አንድ ላይ ይጠረዙ ነበር። የ54ቱ ክፍል ዑደት በባቢሎን አይሁድ ዘንድ የጸና ልማድ ነው፤ በጥንቷ የእስራኤል ምድር እንኳ ሦስት ዓመት ገደማ በሚወስድ ሌላ ዑደት ያነቡ ነበር። ታልሙድ ወደ እኛ ስላልደረሰ ይህ አከፋፈልም አልደረሰም። ቄሶቻችን በሰንበትና በበዓላት ከኦሪቱ ያነቡ ነበር። በሲግድ በዓል፣ ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ፣ ሕዝቡ ተራራ ወጥቶ የሲናንና የነህምያን ንባብ በአንድነት ይሰማ ነበር። ሲግድ እ.ኤ.አ. በ2008 በክኔሴት (የእስራኤል ፓርላማ) ሕግ የእስራኤል ብሔራዊ በዓል ሆኗል።

ሁለቱ ትውፊቶች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን ቫያክሄል የተባለው ፓራሻ በደረሰ ቁጥር አየዋለሁ። ዘጸአት 35 ላይ በሰንበት ቀን በቤታችሁ ሁሉ እሳት አታንድዱ ይላል። ጠቢባኑ “ማንደድ ነው የተከለከለው፤ ከሰንበት በፊት የተለኮሰ ይቆይ” ብለው ተረጎሙ፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ ሻማ ይበራል፣ ወጥም በማሞቂያ ላይ ያድራል። አያቶቻችን ደግሞ ቃሉን እንደ ወረደ ይዘው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳቱን ያጠፉ ነበር፤ የሰንበት ምግባቸው ቀዝቃዛ ነበር። አንዲት አሮጊት ይህን ሲያነቡ፣ “በጨለማ ተቀምጠን ሰንበትን እንደ እንግዳ እንጠብቃት ነበር” አሉ። የልጅ ልጃቸው ሻማ ለኩሳ ያደገች ልጅ ናት። ዝም ብላ አየቻቸው፤ ከዚያም ያን ጨለማ እንዲነግሯት ለመነቻቸው። እኔ ከሁለቱ አንዱ ተሳስቷል ብዬ አላምንም፤ አንድ ቁጥር ሁለት የፍቅር መንገድ ወልዷል።

ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ለእረኞች የተነገረ ነገር ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

በእስራኤል አውቶቡስ የተሳፈረ ሰው ሁሉ መልሱን አይቶታል። ከፊት ባሉት ወንበሮች አካባቢ አንዲት የዕብራይስጥ ጽሑፍ ተለጥፋለች፤ በሽበታሙ ፊት ተነሣ ትላለች። ዘሌዋውያን 19 ቁጥር 32 ናት፤ ክዶሺም ከሚባለው ፓራሻ። በየቀኑ አንድ ወጣት ቦርሳውን አንሥቶ ለአንድ ሽማግሌ ሲለቅ ያ ቁጥር በዚያች ደቂቃ ይነበባል።

ክዶሺም ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ፓራሻ ነውና። “ቅዱሳን ሁኑ” ብሎ ይጀምራል። አንባቢው ስለ ጾምና ጸሎት ሊነግረው ነው ብሎ ይጠብቃል። ወዲያው ስለ እርሻ ዳር ይናገራል፦ ስታጭድ ዳር ዳሩን ለድሃና ለመጻተኛ ተው። በደንቆሮ ላይ አትሳደብ፤ በዕውር ፊት እንቅፋት አታኑር፤ የሠራተኛ ዋጋ እስኪነጋ በእጅህ አይደር።

እናቴ ወደ እስራኤል በመጣን ሰሞን በጽዳት ሥራ ትሠራ ነበር። አንድ አሠሪ ደመወዟን ሁለት ወር አዘገየባት። ማታ ማታ ጣቷን እያጠፈች ቀኖቹን ስትቆጥር አስታውሳለሁ፤ ሂሳቡን እንዳትረሳ ነበር፤ የምትጽፍበት ወረቀት አልነበራትም። ስለዚህ ይህን ቁጥር ለብዙ ዓመት እንደ ተበዳይ አነበብሁት፤ ክዶሺም በመጣ ቁጥር ያ አሠሪ ትዝ ይለኛል። ከጊዜ በኋላ ቤቴን የሚቀባ ሠራተኛ ቀጠርሁ። ሥራውን ጨርሶ በሩ ላይ ሲቆም፣ “ባንክ ዝግ ነው፣ እሑድ ና” ለማለት አፌን ከፈትሁ። የዚያ ሳምንት ፓራሻ ኪ ቴጼ ነበር፤ እርሱም ይህንኑ ሕግ ይደግመዋል፤ ፀሐይ ሳትገባ ዋጋውን ስጠው፣ ድሃ ነውና፣ ነፍሱም እርሱን ትጠብቃለች ይላል። ጎረቤት ዘንድ ሄጄ ተበድሬ ከፈልሁት።

ከዚያ ወዲህ ስለ እያንዳንዱ ትእዛዝ የምጠይቀው አንድ ነገር አለ፦ ይህ ቃል የሚያገኘኝ ከየትኛው ወገን ቆሜ ነው? ሰው በተበደለበት ቦታ ራሱን ቶሎ ያገኛል። በሌላው ወገን፣ በከፋዩ፣ በባለቤቱ፣ በጉልበተኛው ወገን ራሱን ለማግኘት ግን ጊዜ ይወስድበታል። እኔ በፓራሻ ውስጥ የዛሬን ኑሮ የማገኘው እዚያ ነው።

ከዚህ ጋር የማስጠነቅቀው አለ። እያንዳንዱን ቁጥር ከዜናው ጋር ለማጋጠም አይጣደፉ። የሚደግፉት ፓርቲ ሐሳብ በየሳምንቱ ፓራሻው ውስጥ እየተገኘ ከሆነ፣ ፓራሻውን ትተው ፓርቲውን እያነበቡ ነው። ምንም ያልተናገረዎት ሳምንት ካለ እንዲያው ይለፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል፣ ያኔ እርስዎም ሌላ ሰው ሆነው ይጠብቁታል።

ስለ መሥዋዕት፣ ስለ ለምጽ፣ ስለ ንጽሕና የሚናገሩትስ? በእውነት ከእኛ ጋር ምን ግንኙነት አላቸው?

ብዙ መምህራን ስለ ወሊድና ስለ ለምጽ በሚናገሩት በታዝሪያና በሜጾራ ሳምንት ይጨነቃሉ። ለባር ሚጽቫው (በ13 ዓመቱ ለንባብ ለሚጠራበት በዓል) እነዚህ የደረሱበት ልጅም ፊቱ ይጠቁራል። በእኛ ጠረጴዛ ግን እጅግ ሞቅ ያለው ውይይት የሚነሣው በዚህ ሳምንት ነው፤ ምክንያቱም ዘሌዋውያን 12ን በአካላቸው የኖሩ ሴቶች በመካከላችን አሉ። ወንድ የወለደች 7 ቀንና 33 ቀን፣ ድምሩ 40፤ ሴት የወለደች 14 ቀንና 66 ቀን፣ ድምሩ 80። አያቴ እነዚህን ቁጥሮች ከመጽሐፍ አልተማረቻቸውም። በመንደሩ ዳር፣ ዙሪያው በድንጋይ በተከለለ የአራስ ጎጆ ውስጥ ቆጥራቸዋለች። በየወሩም የመርገም (የወር አበባ) ጎጆ ነበረ። ምግብ ከድንጋዩ ክልል ውጪ ይቀመጥላታል፤ እርሷ ወጥታ ታነሣለች።

“ከወፍጮና ከውኃ ቅጂ ያረፍሁበት ጊዜ እርሱ ብቻ ነበር” ትል ነበር አያቴ። አጠገቧ የነበሩ ሌላ ሴት ግን የክረምቱን ብርድና የጅቡን ድምፅ አንሥተው ተቃወሟት። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ወጣቶቹ ሴቶች ደግሞ “ይህ ሥርዓት ስለ እኛ ምን ያስባል?” ብለው በግልጽ ጠየቁ፤ ሊጠይቁም ይገባል። ቸኩሎ ማለዘብ ግን ያንን ሁሉ ኑሮ መደምሰስ ነው፤ ስለዚህ ያ ሰንበት ያለ መልስ እንዲያልቅ ተስማማን።

ስለ ለምጽ የሚናገረው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2020 ጸደይ፣ ምኩራቦች በኮሮና ተዘግተው ሳለ ደረሰ። ሰባት ቀን ተለይቶ መቀመጥ፣ መመርመር፣ እንደገና ሰባት ቀን መጨመር፤ ማንም ማብራሪያ አላስፈለገውም። ያኔ ያስተዋልሁት ከዚያ በፊት አልፌው የነበረ አንድ ቃል ነው፦ የታመመው ሰው ከሰፈሩ ውጪ ነው፣ ካህኑም ከሰፈሩ ወደ ውጪ ይወጣል ይላል። በሽተኛው ወደ ካህኑ መጠጋት ስለማይችል ካህኑ ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ብቻቸውን ለተዘጋባቸው ሽማግሌዎች ምግብ ይዘው በራቸው ላይ ያስቀምጡ የነበሩ ወጣቶች ይህን ያደርጉ ነበር።

በፓራሻው ውስጥ የሚያስቆጣኝ ነገር ባገኝስ?

ይቆጡ። ሽፋን አያልብሱት። ልጄ በ12 ዓመቷ ከትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ይዛ መጣች። ሳምንቱ የቤሃዓሎትካ ነበር። በዘኍልቍ 12 ማርያምና አሮን በሙሴ ሚስት ምክንያት ሙሴን ያሙታል። ዕብራይስጡ ሚስቱን “ኩሻዊት” ይላታል፤ አማርኛው “ኢትዮጵያይቱ” ይላታል። ልጄ፣ “እንደ እኛ ስለሆነች ነው ያሟት?” አለችኝ። በክፍሏ ውስጥ የሆነ ነገር እንዳለ ከፊቷ ገባኝ።

ራሺን ገለጥንላት። እ.ኤ.አ. ከ1040 እስከ 1105 በኖረው በዚህ የፈረንሳይ ሊቅ ማብራሪያ “ኩሻዊት” የውበቷ ምስክር ነው፤ የኩሻዊ ጥቁረት ሁሉም እንደሚያውቀው ውበቷንም ሁሉም ያውቅ ነበር ይላል። ልጄ ደስ አላላትም። “ታዲያ ካመሰገኗት ለምን ተቀጡ?” አለች። መልስ አልነበረኝም፤ አብረን ወደ ፊት አነበብን። ማርያም ቆዳዋ እንደ በረዶ ነጣ። ሙሴ አልተበቀለም፤ በዕብራይስጡ አምስት ቃል ብቻ ያለው ጸሎት ጸለየላት፦ አምላክ ሆይ፣ እባክህ፣ አድናት። ሰባት ቀንም ከሰፈር ውጪ ተቀመጠች፤ ሕዝቡም እርሷ እስክትመለስ አልተጓዘም።

ልጄ ጣቷን በዚያ ቁጥር ላይ አኑራ ብዙ ቆየች። እኔን ያጽናናኝ የራሺ ምስጋና ሳይሆን ይህ ነው፦ አንደበት ሲበድል አንድ ቤተሰብ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ሰፈሩ ሁሉ ይቆማል፤ ነገሩ እስኪስተካከልም ማንም ወደ ፊት አይራመድም። በማግስቱ ልጄ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ፤ ከመምህሯ ጋርም ተነጋገርን።

ሐፍታራ ምንድን ነው?

ከፓራሻው በኋላ ከነቢያት የሚነበብ ክፍል ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከፓራሻው ጋር የሚያገናኘው ሐሳብ ወይም ቃል አለ። የአሽከናዚ (የአውሮፓ አይሁድ) ምኩራቦች ለክዶሺም የያዙት ሐፍታራ ከአሞጽ 9 ነው፤ እግዚአብሔር የእስራኤልን ልጆች፣ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን? ብሎ የሚጠይቅበት። ከፖላንድና ከሩሲያ የመጡ ሰዎች ይህን ለትውልድ ሲያነቡ፣ ቄሶቻችን በጎንደር በግዕዝ ኦሪታቸው ላይ ነበሩ።

ልጆቼ ፍላጎት የላቸውም። ምን ላድርግ?

ስብከቱን ይተዉ፤ ጥያቄ ይስጧቸው። ነሐማ ሌይቦቪች የተባለች መምህርት (1905–1997 እ.ኤ.አ.) ከ1942 ጀምሮ ለሦስት አሥርተ ዓመታት ገደማ በየሳምንቱ ስለ ፓራሻው አንድ የጥያቄ ወረቀት ታዘጋጅ ነበር። ወታደሩም፣ ገበሬውም፣ የቤት እመቤቷም መልሱን ጽፈው በፖስታ ይልኩላታል፤ እርሷም በቀይ ብዕር አርማ ትመልስላቸዋለች። በመቃብሯ ላይ ከስሟ ጋር እንዲጻፍ የፈለገችው ማዕረግ “መምህርት” የሚል ብቻ ነበር።

እኛ ቤት ዓርብ ማታ ዳቦው ተቆርሶ ሲያበቃ ትንሹ ልጅ ከፓራሻው አንድ ያልገባውን ነገር ይጠይቃል። ደንቡ አዋቂ ቶሎ እንዳይመልስ ነው። ብዙዎቻችን ቤት ልጁ በዕብራይስጥ ከወላጁ ይበልጣል፤ ይህ አንዳንድ አባቶችን ያሳፍራል። አይፈሩ፤ ልጁ ቃሉን ይተርጉምልዎ፣ እርስዎ ደግሞ በግ መጠበቅ፣ ጉድጓድ መቆፈር፣ እንግዳን በድንኳን ደጅ መቀበል ምን እንደሚመስል ይንገሩት። አብርሃም በቀትር ሙቀት ሮጦ እንግዶቹን ሲቀበል፣ “ጥቂት እንጀራ” ብሎ ጥጃ ሲያርድ የሚያስረዳ ከጎንደር ገበሬ የተሻለ መምህር የት ይገኛል?

ሰንበት አልጠብቅም፣ ምኩራብም አልሄድም። ንባቡ ለእኔ ይሆናል?

ይሆናል። ከመካከላችን አንዱ በመኪና መጥቶ የሚያነብ ሰው ነው፤ ማንም አይጠይቀውም። በውይይት እጅግ የሚያስቸግረንም እርሱ ነው፣ ባይመጣ ቅር ይለናል።

ሥራ በዝቶብኛል። በምን ጊዜ ላንብብ?

ፓራሻው አስቀድሞ በሰባት ዓሊያ ተከፍሏል። እሑድ አንደኛውን፣ ሰኞ ሁለተኛውን እያሉ ቢያነቡ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ወዳጄ በስልኩ ላይ በአውቶቡስ ውስጥ ያነባል። ሳምንት ካመለጠዎት ያመለጠውን ለማካካስ አይድከሙ፤ ሕዝቡ ካለበት ይቀላቀሉ።

በተለይ ለቤተ እስራኤል የሚናገር ፓራሻ አለ?

ብዙ ሰው ሌክ ሌካ ይላል፤ “ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ ውጣ” የሚለውን። የእኔ ግን ባሚድባር ነው፤ ትርጉሙ “በምድረ በዳ”። አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በኢየሩሳሌም ቀን፣ ኢያር በተባለው የዕብራውያን ወር በ28ኛው ቀን ሳምንት ነው፤ በሱዳን መንገድና በመጠለያ ጣቢያዎች ላለቁት፣ ቁጥራቸው 4 ሺህ ገደማ ለሚሆን ወገኖቻችን በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ መታሰቢያ በሚደረግበት ቀን።

ፓራሻው የቆጠራ ዝርዝር ነው። ነገድ በነገድ፣ በየስማቸው ይቆጠራሉ። ራሺ እግዚአብሔር ስለሚወዳቸው በየጊዜው ይቆጥራቸዋል ይላል። ነገር ግን በነገዶቹ ቆጠራ የሚቆጠሩት 20 ዓመት የሞላቸውና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ለጦር የሚወጡ ወንዶች ናቸው። በእኛ ምድረ በዳ የወደቁት ብዙዎቹ ሕፃናትና እናቶች ነበሩ። ስለዚህ በዚያ ሰንበት ንባቡን ከጨረስን በኋላ እያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱን ስሞች ይናገራል። አንዳንዱ ሕፃን ስም ሳይወጣለት ነው የሞተው፤ እናቱ “ወንድ ልጅ፣ የአሥር ቀን” ትላለች፣ እኛም እንደ ስም እንቀበለዋለን።

ዓመቱ ሲያልቅ ምን ይሆናል?

በሲምሐት ቶራ (የኦሪት ደስታ) በዓል የመጨረሻው ፓራሻ ይነበባል። ሙሴ ናባው ተራራ ላይ ወጥቶ ምድሪቱን በሙሉ ያያል፤ ሳይገባባትም በዚያ ይሞታል። አባቴ ይህን ክፍል ቆሞ ነበር የሚሰማው። አባቱ ስለ ኢየሩሳሌም እያወራለት ነው ያደገው፤ ያን አባቱንም ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ላይ ነው የቀበረው።

በዚያ ቀን በብዙ ምኩራቦች በቦታው ያለ ሰው ሁሉ ለዓሊያ ይጠራል፤ በመጨረሻም ልጆች ሁሉ ይጠራሉ፣ ከራሳቸው በላይ ትልቅ ነጠላ ይዘረጋባቸዋል። ሁለተኛው ጥቅልል አስቀድሞ ወጥቶ፣ በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ላይ ተገልጦ ጠረጴዛው አጠገብ ይጠብቃል። አንባቢው የሙሴን ሞት እንደጨረሰ የመጀመሪያው ጥቅልል ይነሣል፤ ሁለተኛው በቦታው ይዘረጋል፤ እርሱም ያው ቆሞ፣ “በመጀመሪያ” ብሎ ይቀጥላል።